ወሬም ዋስ ይጥራ

ሚስቴ አስያ አርፋ ስትቀመጥ ያየ ሰው ካለ፣ ዋስ ጠርቶ ይንገረኝ፤ እኔ ባሏ አይቼ አላውቅም። ምሳ ቀርቦ እጇን ታጥባ ትቀመጣለች፤ አንዴ ጎርሳ ትነሣለች፤ ስልኳን ታያለች፤ "አቡበከር፣ ይሄን ነገር ሰማህ?" ትለኛለች፤ መልሴን ሳትጠብቅ ደግሞ ብድግ! "አንቺ ሴትዮ፣ መቀመጫሽ ላይ እሾህ አለ እንዴ?" እላታለሁ። ትስቅብኛለች። የሚስቅ ሰው ላይ ደግሞ እንዴት ተደርጎ ይቆጣል?

ሥራዋ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሲባል ሰው ድምፅዋ የማይሰማ፣ ቀኑን ሙሉ ከወንበሯ የማትነቃነቅ ሴት ይመስለዋል። ከሚሴ ይምጣና የኛዋን ይያት! በመደርደሪያዎቹ መሀል ስትመላለስ ወለሉን ልትጨርሰው ነው። እኔ ደግሞ የከብት ደላላ ነኝ። እሑድ ሰንበቴ፣ ሰኞ ባቲ፣ በመሀሉ ጨፋ ሮቢት፤ ገበያ ካለበት አለሁ። መጽሐፍ የምታውስ ሴትና በሬ የሚያሻሽጥ ወንድ ሥራቸውን ምን ያገናኘዋል ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። ግን የእሷ ሥራ ከእኔ ሥራ የተሰረቀ ነው፤ ሌባዋም እሷው ናት።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጀምር። ቤተ መጻሕፍቷ ከአስፋልቱ ገባ ብላ ያለች፣ ቀትር ላይ ቆርቆሮዋ የሚንቋቋ ጠባብ ቤት ናት። ተማሪ የሚመጣው ለፈተና የሚያጠናበት ወንበር ፍለጋ ነው፤ ደብተሩ ከጠረጴዛው በላይ፣ ስልኩ ከጠረጴዛው በታች። አንድ ቀን ሳሚያ የምትባል የዘጠነኛ ክፍል ልጅ፣ ወባን ባንድ ጊዜ ነቅሎ ያወጣል የተባለ ቅጠል ስልኳ ላይ አየች። ቀቀለችና ጠጣች። ተሸክመው ሆስፒታል አስገቧት። ተርፋለች፣ አልሐምዱሊላህ። አስያ ግን እያለቀሰች ነው ቤት የገባችው። "ስለ ወባ የተጻፈው መጽሐፍ እኮ ከልጅቷ ጀርባ ነበር፣ አቡበከር! እጇን ብትዘረጋ ትነካው ነበር። እኔም እዚያው ቆሜ ነበር።"

ከዚያማ ወዲያ ምን ዕረፍት አለ! ሰሌዳ ላይ በትልልቁ ጻፈች፦ ምንጩን ጠይቁ፣ ቀኑን አጣሩ፣ ከሌላ ጋር አስተያዩ። ልጆቹ በሚያምር ጽሕፈት ገለበጡት። ሳምንት ሳይሞላ "ነገ ትምህርት ተዘግቷል" የሚል ወሬ ቴሌግራም ላይ ወጣ፤ በሚያምር ጽሕፈት ከገለበጡት ልጆች ግማሾቹ ቀሩ። ትምህርት ነበረ። እንዲያውም ፈተና ነበረ። አስያ ጠመኔውን ወርውራ ግቢውን ስትዞረው ዋለች።

አረፋ ሲቃረብ ፍየል ልንገዛ አብረን ሰንበቴ ወረድን። በእኛ ገበያ ማንም የማያውቀው ሰው በሬ ጎትቶ ከመጣ ሦስት ነገር ይጠየቃል። መጀመሪያ በኦሮምኛ "ኤኙቱ አርጌ?" ይሉታል፤ ማን አየ ማለት ነው፤ ይህ በሬ አንተ ቤት ማደጉን ማን አየ? ቀጥሎ "ኢጃን ሞ ጉራን?" ያየ የተባለው ሰው በዓይኑ ነው ወይስ በጆሮው? ሦስተኛ፣ ዋሱ ማን ነው? ዋሱ ይመጣል፤ ገመዱን በእጁ ይይዝና ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ ሰፈሩን ይናገራል። በሬው የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ የሚያዘው እሱ ነው። ዋስ የሌለው በሬ የፈለገውን ያህል ቢደልብ ማንም አይነካውም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!

የፍየሉን ዋጋ ጨርሼ ዞር ስል አስያ የለችም። ለካ ከበሬ ገዢዎቹ መሀል ገብታ፣ አቧራውን እየዋጠች አፏን ከፍታ ቆማለች። "ምን ሆነሻል?" ብላት "ይሄን እኮ ነው ያጣሁት!" አለችኝ። እሷን ስጎትት ፍየሉን ሌላ ሰው ወሰደው።

በቀጣዩ ቅዳሜ ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ ገፍታ ቤተ መጻሕፍቷ ውስጥ የወሬ ገበያ ከፈተች። አንዱ ልጅ ስልኩ ላይ ያገኘውን ወሬ ይዞ ሻጭ ይሆናል፤ ስልኩ ላይ የእኔ የበሬ ገመድ ይታሰራል። ገመዴን ሳታስፈቅደኝ ነው የወሰደችው። ሌሎቹ ከበው "ኤኙቱ አርጌ?" ይሉታል። ሻጩ ዋስ ፍለጋ ይሮጣል፤ አንዱ መደርደሪያ ውስጥ ይገባል፣ አንዱ ጤና ጣቢያ ላለ ዘመዱ ይደውላል፣ አንዱ ፎቶው መጀመሪያ የወጣበትን ቀን ይፈልጋል። ዋስ ከተገኘ ገመዱን ይይዛል። ካልተገኘ "ጎትተህ መልሰው!" ብለው ይጮሁበታል። "መጽሐፍም እኮ መጨረሻው ላይ ዋሶቹን ይጠራል" ትላቸዋለች አስያ፣ የመጨረሻዎቹን ገጾች እየገለጠች። ጸጥታ የሚባል ነገር ከዚያች ቤት ጠፋ። አለቃዋ መጥተው "ይሄ ቤተ መጻሕፍት ነው ወይስ ሰንበቴ?" ቢሏት "ሁለቱም ነው" አለቻቸው።

እኔንም ጎትታ ወሰደችኝ። "የገበያውን ተንኮል ንገራቸው" አለችኝ። ነገርኳቸው። የከሳ በሬ ጨው ያልሱታል፤ ውሃውን ይጠጣል፤ ሆዱ ይነፋና የጠገበ ይመስላል። ያረጀውን በሬ ቀንዱን ፍቀው ቅቤ ይቀቡታል፤ ወይፈን ይመስላል። "ያ ርዕሱ ብቻ የተነፋው ወሬ ጨው የላሰ ነዋ!" አለ አንዱ። "ቀኑ የተቀየረ ፎቶ ደግሞ ቀንዱ የተፋቀ ነው!" አለች ሳሚያ፣ ያቺ ቅጠል የጠጣችው። ደስ አለኝ ወላሂ። ሞቅ ሲለኝ አንድ ጨመርኩ፦ "ከሁሉም በላይ ገመዱን አትመልከቱ! ገመድ ካንዱ በሬ ወደ ሌላው ይዞራል። የማውቀው ገመድ ነው ብሎ የሰው በሬ ገዝቶ የታሰረ አለ። በሬውን እዩ፣ ዓይኑን እዩ!" አጨበጨቡልኝ። ሳምንቱን ሙሉ ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ።

ከሁሉ የበለጠችው ተማሪ ግን ተማሪ አልነበረችም። ጎረቤታችን እትዬ መሪየም ናት፤ ጉሊት ሽንኩርት የምትሸጥ፣ ፊደል ያልቆጠረች፣ ባሏ የሞተባት ሴት። ማንበብ ባትችልም ስልኳ በድምፅ መልእክት ጢም ብሏል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጉሊቷን ለሰው አደራ ብላ ትመጣና ከልጆቹ ፊት ትቀመጣለች። ሦስቱን ጥያቄ እንደ ዚክር ነው የያዘቻቸው። እኔ በአጥር በኩል "ዛሬ በሬ ተወደደ፣ እትዬ" ስላት "ኤኙቱ አርጌ?" ትለኛለች።

"እኔው ነኝ ያየሁት!"

"አንተማ ደላላ ነህ። ሌላ ዋስ ጥራ!"

ስቃ አትጨርስም። ይህን ሁሉ የምትማረው ግን ለጨዋታ አልነበረም። ልጇ ሪድዋንና ታናሽ ወንድሜ ሙህዲን በባሕር ወደ ዐረብ አገር ሊሻገሩ ተያይዘው ወጥተዋል። ከጅቡቲ ዳርቻ፣ ከኦቦክ፣ አንድ ጊዜ ደወሉ፤ ከዚያ ድምፃቸው ጠፋ። እሷ ከሪድዋን ሌላ ልጅ የላትም። እኔም ከሙህዲን ሌላ ወንድም የለኝም። ባሕር ስለበላቸው፣ ስለታሰሩ፣ ስለተሻገሩ ልጆች በየቀኑ ወሬ ይመጣል። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንደሚባለው፣ ጠንቋይ ቤት ልሄድ ሁሉ አስቤ ነበር፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

አንድ ሰኞ ባቲ ገበያ ላይ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። የማውቀው የከሚሴ ሰው ነው። "አቡበከር፣ አብሽር" አለኝ። ሳትጠይቅ አብሽር፣ አይዞህ ሲሉህ አለቀ። ቀጥሎ ፎቶ ላከልኝ። አንድ ልጅ አሸዋ ላይ ተጋድሟል፤ ፊቱ በጨርቅ ተሸፍኗል። የለበሰው ሰማያዊ ጃኬት ነው፤ ዚፑ ቀይ። ከሥሩ "የከሚሴው ሙህዲን፣ አላህ ይርሐመው" ይላል። ያ ጃኬት የሙህዲን ነው! በሰማያዊ ጃኬት ላይ ቀይ ዚፕ ያስተከለ ከሱ ሌላ ሰው በከሚሴ የለም። የያዝኩትን በሬ ለቀቅኩት። ገበያው መሀል ጮህኩ።

እንዴት ሚኒባስ ላይ እንደወጣሁ አላውቅም። ቤት ስደርስ ግቢው በሰው ሞልቷል። እናቴ ሀዲጃ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ እትዬ መሪየም ከኋላዋ አቅፋ ይዛታለች። ወንዶቹ የድንኳን ብረት ተሸክመው በር ላይ ቆመዋል። አስያ ደግሞ ሁለት እጇን ዘርግታ በሩን ዘግታዋለች።

"ድንኳን አይተከልም" ትላለች። "ማን አየ? ማነው ያየው?"

ደሜ ፈላ። "ሴትዮ! ይሄ ቤተ መጻሕፍት አይደለም! ወንድሜ ነው የሞተው!" አልኩና አጠገቤ የነበረውን ባልዲ በእግሬ ጠለዝኩት። እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም። እንባዋ እየወረደ "እሺ፣ ዋሱን ጥራልኝና ድንኳኑን እኔ ራሴ እተክላለሁ" አለችኝ። ጠላኋት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚያች ሰዓት ከልቤ ጠላኋት።

ጡረታ የወጡት መምህር ጋሽ ባንተይርጋ ከጎረቤት መጥተው ነበር። ክንዴን ያዝ አደረጉና "አቡበከር፣ መርዶ እኮ ድሮም ሳይጣራ አይነገርም" አሉኝ። "ሽማግሌ የሚሰበሰበው ለምን ይመስልሃል? ልጅቷን ተዋት፣ ትጠይቅ።"

ጠየቀች። ስልኳን ጆሮዋ ላይ ሰክታ ከበር እስከ ጓሮ፣ ከጓሮ እስከ በር ትመላለሳለች። ፎቶውን የላከልኝ ሰው ከማን አገኘው? ያኛውስ? ያኛውስ? ሰው ይቆጣታል፣ ይዘጋባታል፣ መልሳ ትደውላለች። ፎቶውን መጀመሪያ የለጠፈው ኦቦክ ያለ ልጅ ሆኖ ተገኘ። ከሥሩ የጻፈው "ይህን ወንድማችንን የሚያውቅ ለቤተሰቡ ያድርስ" የሚል ብቻ ነው። ስም አልነበረውም። ስሙ የተጨመረው ከሚሴ ነው። ከሚሴ ውስጥ ደግሞ ባለሱቁ ከፀጉር አስተካካዩ፣ ፀጉር አስተካካዩ ከልብስ ሰፊው ከሲራጅ ነው የሰሙት።

ከዚያ ወዲያ ሰው የለም። ሲራጅ ዘንድ ሄድን። የስፌት መኪናው ላይ ተደፍቶ ያለቅሳል። "እኔው ነኝ ያልኩት" አለን። "በዓይኔ አይቻለሁ። ሰማያዊ ዚፕ አልቆብኝ ቀዩን የሰፋሁለት እኔ ነኝ። የእጄን ሥራ አጣለሁ እንዴ?"

"ፊቱንስ አየኸው?" አለችው አስያ፣ ቀስ ብላ።

"ፊቱማ ተሸፍኗል።"

"እጁን? ቁመቱን? ወይ ጠባሳ?"

ሲራጅ ፎቶውን እንደገና አወጣ። ብዙ አየው። "ዚፑን ነው ያየሁት" አለ በመጨረሻ። "አላህን፣ ዚፑን ብቻ ነው ያየሁት።"

ገመዱን አይቶ በሬውን ገዛ ማለት ነው። እኔም ገዝቼዋለሁ፤ ያን ሁሉ ልጅ ሰብስቤ ገመዱን አትመልከቱ ያልኩት ሰውዬ! ከሲራጅ ቤት ስንወጣ እግሬ መሬት አልነካም። ሙህዲን አለ! አለ እንጂ፣ ለምን አይኖርም? አስያን መንገድ ላይ ልስማት ምንም አልቀረኝ። እሷ ግን ፊቷ አልተፈታም። ጥቂት እንደሄድን የእኔም ደስታ ቆመ። ጃኬት እንደ ገመድ ከሰው ወደ ሰው ይዞራል፤ ደግ። ታዲያ ከሙህዲን ወደ ማን ዞረ? አብሮት የወጣው ማን ነው?

አስያን አየኋት። አየችኝ። አንዳችንም ስሙን አልጠራነውም።

ግቢ ስንገባ እትዬ መሪየም ለእናቴ ውሃ በብርጭቆ ይዛ "አብሽሪ ሀዲጃ፣ ዋስ ያልጠራ ወሬ ነው፤ ልጅሽ ደህና ነው" ትላታለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ዓይኗን ማየት አቃተኝ። "ሲራጅ ያየው ጃኬቱን ብቻ ነው" አልናቸው፤ ከዚያ አላለፍንም። እሷ ከሁላችንም በላይ ደስ አላት። "አላልኩሽም!" ብላ እናቴን ሳመቻት።

ያን ቀንና ማግሥቱን እንዴት እንዳለፍኩት አልነግራችሁም። መቀመጥ አልችልም፣ መቆም አልችልም፤ እንደ አስያ ሆንኩ። "ያ አላህ፣ ወንድሜን" እላለሁ፤ ወዲያው ደንግጬ አቆማለሁ። ለወንድሜ የማደርገው ዱዓ ሁሉ ነገሩን ወደ እትዬ መሪየም በር የሚገፋው መሰለኝ። ሁለቱም ይትረፉ እላለሁ። ያ ፎቶ ላይ ያለው ልጅ ግን የአንዲት እናት ልጅ ነው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የአስያ ስልክ በኢሞ ጮኸ። የማናውቀው ቁጥር ነው። ሙህዲን! ድምፁ ተሰብሯል። ስልኩ ተሰርቆ በሰው ስልክ ነው የሚደውለው። ድምፁን ስሰማ ስንት ጊዜ ስሙን እንደጠራሁት አላውቅም። እሱ ግን ያለቅሳል። "ሪድዋን" አለ። "ወባው ተነሥቶበት ይንቀጠቀጥ ነበር። ጃኬቴን አለበስኩት። ሐኪም ቤት የሚያደርሰን መኪና ፍለጋ ሮጥኩ፤ አጣሁ። በእጄ ነው የቀበርኩት፣ ወንድም ጋሼ። ለእናቱ ምን ብዬ ልደውል?"

እናቴ የልጇን ድምፅ ሰማች። ደስታው ሲያጥለቀልቃት እልል ልትል አፏን ከፈተች። አስያ ዘላ በመዳፏ ያዘችው። እትዬ መሪየም ከአጥሩ ማዶ ናት። እናቴ ነገሩ ሲገባት እልልታው እዚያው መዳፍ ውስጥ ወደ ለቅሶ ተለወጠ፤ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ይጥራ እንጂ፣ ሲጠራ ምን እንደሚያሳይ ማንም አይነግርህም። በማግሥቱ ንጋት ሱብሒ ተሰግዶ እንዳበቃ ሽማግሎች ሰብስበን ሄድን። ጋሽ ባንተይርጋም ከቤታቸው ወጥተው ተቀላቀሉን። እትዬ መሪየም ለጉሊቷ ሽንኩርት እየለየች ነበር። ቀና አለች። በዚያ ሰዓት ሽማግሌ ተሰብስቦ በር ላይ ሲቆም ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። የያዘችውን ሽንኩርት አስቀመጠች። እኔን ብቻ አየች።

"ኤኙቱ አርጌ?" አለች።

"ሙህዲን" አልኳት።

"ኢጃን ሞ ጉራን?"

"በዓይኑ ነው፣ እትዬ። በእጁ ነው የቀበረው።"

"ዋሱስ?"

ለስንቱ በሬ ዋስ የሆንኩ ሰውዬ ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። አስያ ከኋላዬ አልፋ ገባች። አጠገቧ ቁጢጥ አለችና እጇን ያዘች።

"እኔ ነኝ" አለቻት። "አስያ ይማም፣ ጎረቤትሽ።"

እትዬ መሪየም "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አለች። አልጮኸችም። ከዚያ "ያ ጃኬት የለበሰው የኔ ነበራ" አለች። "ምን ሆኖ ነው የወንድምህን ጃኬት የለበሰው?"

"ወባው ተነሥቶበት ነው። ይንቀጠቀጥ ነበር።"

"ታዲያ ሞቆት ነበር?"

ይህን ሙህዲን አልነገረንም። እኛም አልጠየቅነውም።

"ሞቆት ነበር" አልኳት። "በደንብ ሞቆት ነበር፣ እትዬ።"

ራሷን ነቀነቀች። አስያ ቀና ብላ አየችኝ። ማን አየ አላለችኝም።